ኢንዶኔዥያዎቹ ከየት መጡብን?

ፍላሽ ቤት (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ የአገር ልጆች። ጠባሴ ላይ ፊልምና ዘፈን በፍላሽና በሚሞሪ የምጭንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ፤ ያለዚያ ኪራዩ አይሸፈንም። ድሮ በገበያ ቀን ወረፋ ነበር። ገበሬው በጉን ሸጦ ሲመለስ ከሬዲዮው ሚሞሪውን ይነቅልና "ሽለላና ፉከራ ሙላልኝ" ብሎ ይሰጠኛል፤ እስክጭንለት አረቄ ቤት ጎራ ብሎ ብርዱን አባሮ ይመጣል። አሁን ሁሉም ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ፓኬጅ ያለቀበት ብቻ ሆኗል።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የማላውቀውን ነገር እየተጠየቅሁ ነው። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ "የኢንዶኔዥያ ሆረር የለህም?" ይለኛል። ሌላው "ያ ፖሊሶቹ ፎቅ ውስጥ ገብተው የሚጨፋጨፉበት" ይላል፤ ትርጉም ሆኖ አይቶት ስሙን ረስቶታል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ሰባት ዓመቱ ነው፣ መጥረጊያ እንጨት ይዞ "ቱንግ ቱንግ ቱንግ ሳሁር" እያለ በር ይደበድባል። ጀልባ አፍንጫ ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ የሚጨፍረውን ልጅማ ያላየ የለም። እሱም የዚያው አገር ነው አሉኝ። እኔ ስለ ኢንዶኔዥያ የማውቀው ኢንዶሚን ብቻ ነው፤ እሱንም እስካሁን የቻይና ይመስለኝ ነበር።

ቱርክን እናውቃታለን፤ ቃና ከ2008 ጀምሮ አማርኛ አስተምሮ ሰጥቶናል። ኮሪያንም ሴቶቹ አመጧት። ይህችን ማን አመጣት? ምን አግኝተው ነው እንዲህ የሚታዩት? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ ምን ጭኜ እንደምቀመጥ ልወቅ።

የሮቢቷ (ሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ፣ የጠራኸው እኔን ነው። አረብ አገር ስድስት ዓመት ስሠራ አራቱን ከአንዲት የጃቫ ሴት ጋር አንድ ክፍል ተኝቻለሁ። አገሯ ምስራቅ ጃቫ ነው፣ ማላንግ አጠገብ። "ምባክ" ነበር የምላት፤ በነሱ እትዬ እንደማለት ነው። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ የሷን አላውቅ። በማዳም ቤት በለቃቀምናት ስብርባሪ አረብኛ ስንጎታተት ከረምንና በመጨረሻ በስልኳ ተግባባን። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ማታ ዕቃ ስናጥብ ስልኳን የሩዝ ከረጢት ላይ ታስደግፈዋለች። መጀመሪያ ጆሮዬን የያዘው ከበሮው ነው። አንዴ ጠበቅ ብሎ "ዳንግ" ይላል፤ ከዚያ ቆዳው ላይ መዳፍ እንደሚጎትቱበት ተስቦ "ዱት"። የዘፈኑ ስም ራሱ ዳንግዱት ነው፣ ከከበሮው አፍ የወጣ። የህንድ ፊልም ዘፈን አለበት፣ የአረብ አለበት፣ የማላይ አለበት። በ1970ዎቹ ሮማ ኢራማ የሚባል ሰው ኤሌክትሪክ ጊታር ጨመረበትና የዳንግዱት ንጉሥ ተባለ። ማዳም ከሳሎን "ይህን የህንድ ዘፈን ዝጉት!" ስትል ምባክ ሳሙና በሞላው እጇ አፏን ይዛ ትስቅ ነበር።

ይህ ዘፈን እዚያው አገሩ ውስጥ የተናቀ እንደነበር እወቅ። የገጠሬ፣ የሰርግ ቤት ዘፈን ይሉታል ከተሜዎቹ። በ2003 ኢኑል ዳራቲስታ የምትባል ዘፋኝ ወገቧን እንደ መሰርሰሪያ እያሽከረከረች ብትጨፍር አገር ተናወጠ፤ ያወገዛት ራሱ ንጉሡ ሮማ ኢራማ ነበር። የምስራቅ ጃቫ ሰዎች ደግሞ ከበሮውን አፍጥነው ኮፕሎ አሉት። ያ የሰርግ መድረክ ዘፈን በዩቲዩብ እየተለቀቀ ከስልክ ስልክ ዞረና፣ በ2018 ጃካርታ ላይ የእስያ ጨዋታዎች ሲከፈቱ የውድድሩን ዘፈን እንድትዘፍን የተጠራችው ቪያ ቫለን ሆነች፣ የኮፕሎ ዘፋኝ። እኔ ልመለስ ጥቂት ወር ሲቀረኝ ነው። ምባክ ዕለቱን አንድ ሳህን ሰበረች፣ ከደስታ። ከደሞዟ ተቆረጠ።

ሲኔትሮን የሚሉት ተከታታይ ድራማም አላቸው፣ እሱን አልመክርህም። አንዱ ገንፎ ሻጭ ሐጅ ስለሚሄድበት የሚያወራው ከ2012 እስከ 2017 ከ2000 ክፍል በላይ ተላልፏል። በየቀኑ! አማቲቱ በር ላይ ስትታይ ካሜራው ሦስት ጊዜ ፊቷ ላይ ዘሎ ይወጣል፣ ከበሮ ይመታል፣ ከዚያ ማስታወቂያ። ቱርክን የለመደ ሰው አይቸገርበትም፤ ግን ፍላሽህ አይችለውም።

የዚያን ፎቅ ፊልም ስሙን ልንገርህ፣ ዘ ሬይድ ነው፣ የ2011። ዳይሬክተሩ ጋሬዝ ኢቫንስ ከዌልስ የመጣ ፈረንጅ ነው፤ ድብድቡ ግን ፔንቻክ ሲላት የሚባል የነሱው የአገር ቤት ትግል ነው። ዋናው ተዋናይ ኢኮ ኡዋይስ ለአንድ የቴሌኮም ድርጅት ሹፌር ነበር። ኢቫንስ ስለ ሲላት ዶክመንተሪ ሲቀርጽ ልምምድ ላይ አየውና ከመሪው ላይ አነሳው።

ሆረሩን ማታ እመጣበታለሁ፣ አሁን ሊጥ ሊያመልጠኝ ነው። እስከዚያ ይቺን ላጫውትህ። ከጣርማ በር ቁልቁል ስንወርድ ልጆች "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ መኪናውን ይከተሉ የለም? ጃቫም ልጆች መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ የሚለምኑት ግን ክላክስ ነው። "ኦም ቴሎሌት ኦም!" ይላሉ። ኦም ጋሼ ማለት ነው፣ ቴሎሌት ደግሞ ያ ባለ ዜማው የአውቶብስ ክላክስ። ሹፌሩ ሲነፋላቸው በስልክ ይቀርጻሉ፣ ይዘላሉ፣ በቃ። በ2016 መጨረሻ ይቺ "ጋሼ ክላክስ ጋሼ" ትዊተር ላይ ወጥታ የአውሮፓና የአሜሪካ ዲጄዎች ትርጉሟን ሳያውቁ ሲቀባበሏት ከረሙ፣ ሙዚቃም ሠሩባት።

ኤፍኤስአር (ደብረ ሲና)

ከሹፌር አፍ ስሚ የሮቢቷ። ያ ክላክስ በአየር ነው የሚነፋው። ከባድ መኪና ላይ ፍሬኑም የሚሠራው በአየር ነው፣ ከአንድ ኮምፕሬሰር የሚመጣ። ቁልቁለት ላይ ለልጆች ሙዚቃ እያጫወትክ አየርህን ከጨረስክ ከታች የሚጠብቅህ ገደሉ ነው። እኔ ጭጋግ ውስጥ ጌጁን ሳላይ አንድ ኩርባ አልዞርም። እነሱ አገር መንግሥት ዝም አላቸው?

የሮቢቷ

ዝም አላላቸውም። በ2024 የትራንስፖርት ሚኒስቴራቸው ልክ አንተ ባልከው ምክንያት፣ የፍሬኑን አየር ይበላል ብሎ ተቆጣ። ልጆችም አውቶብስ ሲያሳድዱ ሕይወታቸው ያለፈ አለ። እዚያ መንገድ ላይ የቆመውን ልጅ ግን ቢከለክሉትም አይሰማም፤ የኛም ሃይላንዱን አልተወም።

ጋሼ መምህር (አንኮበር)

ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆቼ፣ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ቱንግ ቱንግ የሚሉት ነገር ነው። የልጅ ልጄ ሥዕሉን አሳየችኝ፤ ዓይንና እግር ያለው ግንድ ዱላ ይዞ። ትርጉም የለው፣ ታሪክ የለው። ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ብሎ የሚመልስ ልጅ በጠፋበት ጊዜ ከባሕር ማዶ እንጨት መጥቶ ያስጮሃቸዋል። ይህንንም ጥበብ ትሉታላችሁ?

የሮቢቷ

ጋሼ፣ እርስዎን መመለስ ነውር እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ለዚያ እንኳ ትርጉም አለው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በረመዷን ሌሊት የሰፈር ልጆች ውስጡ ክፍት የሆነ እንጨት እየመቱ ሰዉን ለሳሁር ይቀሰቅሳሉ። ሳሁር ከንጋት በፊት የሚበላው ነው፣ እኛ ስሁር የምንለው። "ቱንግ ቱንግ" የእንጨቱ ድምፅ ነው። አንዱ የነሱ ቲክቶከር በ2025 ያንን እንጨት በኤአይ ዓይንና እግር አበጀለትና "ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልተነሳ ሰው ቤት ይመጣል" ብሎ ለቀቀው። እኔ ያደግሁት ሙስሊም ጎረቤት መሐል ነው፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ "ተነሱ" እየተባለ። የኛ አያቶችስ አልተኛም ያለውን ልጅ "ጅቡ መጣልህ" አይሉም ነበር? እሱው ነው። ሥዕሉ አስቀያሚ ነው ካሉኝ፣ ነው።

ጋሼ መምህር (አንኮበር)

ለጾም መቀስቀሻ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ተመረቂ። ሥዕሉ ግን አስቀያሚ ነው።

ባለ ክራር (መሃል ሜዳ)

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እናንተ ስለ ዳንግዱት ስታወሩ ዩቲዩብ ገብቼ ስፈልግ ሌላ ነገር ላይ ወደቅሁ። ምዕራብ ጃቫ ውስጥ ሱንዳ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፤ ጋሜላን ደጉንግ የሚባል የነሐስ ደወልና የሸምበቆ ዋሽንት ሙዚቃ አላቸው። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው፣ ባቲ! ክራሬን አውርጄ በባቲ ቃኘሁና አብሬው መታሁ። ሁለቱን ክር ትንሽ፣ የጸጉር ያህል ማላላት ነበረብኝ እንጂ ገባልኝ። እነሱም በአምስት ድምፅ ነው የሚሄዱት፣ አንዱ እርምጃ ጠበብ ሌላው ሰፋ ያለ። ሚስቴ ከጓዳ "ማነው የሞተው?" አለችኝ።

ፍላሽ ቤት (ደብረ ብርሃን)

ባለ ክራር፣ አሁን አንተን ማን ይጭንልኛል? ቀርጸህ ላክልኝ።

የሮቢቷ፣ ሆረሩ ቀረ። ሁለተኛ፣ ገንዘቡንም ንገሪኝ። እኔኮ ስለ ፊልም ብቻ ብዬ አልጠየቅሁም። ሱቁን ዘግቼ ላይቭ ልግባ የሚል ሐሳብ ይዞኛል። እዚህ ልጆቹ ባትል የሚሉት የላይቭ ፉክክር ውስጥ ገብተው "አንበሳ ጣሉልኝ"፣ ስጦታውን ማለታቸው ነው፣ እያሉ ሲጮሁ ያድራሉ፤ አንዳንዱም ቤት ሠራ ይባላል።

የሮቢቷ

ሆረሩ፦ በ2019 አንድ ስሙን የደበቀ ሰው ትዊተር ላይ፣ ልክ እኛ አሁን እንደምንጽፈው እየቆራረጠ፣ አንድ ታሪክ ለቀቀ። ስድስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለማኅበረሰብ አገልግሎት ምስራቅ ጃቫ ውስጥ ጫካ ያለች መንደር ይላካሉ፤ እዚያ የጨፋሪዎች መንፈስ አለ፣ አትሂዱበት የተባሉት ቦታ አለ፣ ይሄዳሉ። ሕዝቡ ሌሊት እያደረ አነበበው። በ2022 ፊልም ሆነ፣ "ኬ ኬ ኤን ዲ ዴሳ ፔናሪ" ይባላል። ከ10 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠ፣ ለአገራቸው ፊልም ያልታየ ነገር። ኬ ኬ ኤን የሚሉት ያው የተማሪ ዘመቻ ነው፤ እነሱ አገር ተማሪ ሳይመረቅ ገጠር ወርዶ ይሠራል። የኔ አባት የእድገት በህብረት ዘማች ነበር፤ የነገረኝን የግራር ጋኔን ታሪክ ማንም ፊልም አላደረገውም። ክብረ ወሰኑንም በ2025 የሰበረው ጁምቦ የሚባል የልጆች አኒሜሽን ነው፣ ሙሉ በሙሉ እዚያው የተሠራ። ያንን ለእህትህ ልጅ ጫንለት፣ በሩ እንዲያርፍ።

ፖቾንግ የሚሉት መንፈስ አላቸው፣ በጣም የምወደው። ከነከፈኑ የተነሳ ሙት ነው። ከፈኑ እግሩ ላይ እንደታሰረ ስለሆነ መራመድ አይችልም፣ እየዘለለ ነው የሚመጣው። ምባክ ኮሪደሩ ላይ አንሶላ ተጠቅልላ እየዘለለች ስትመጣብኝ የጮህኩትን ጩኸት ማዳም እስከዛሬ አትረሳውም።

የጀልባው ልጅ፦ ሱማትራ፣ ሪያው የሚባል ክፍለ ሀገር፣ ኳንታን ወንዝ ላይ የሚካሄድ የዱሮ ውድድር ነው። ጀልባው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፣ ከአርባ የማያንስ ቀዛፊ ይጭናል። አፍንጫው ላይ የሚቆመው ልጅ የሚጨፍረው ጀልባው ሲመራ ነው፤ ዳር የቆመው ሰው ማን እንደቀደመ በሱ ያውቃል። ዓለም በ2025 ያየው ልጅ 11 ዓመቱ ነበር። መነጽር አድርጎ፣ ፊቱን ቆጠር አድርጎ፣ የሚሞተው ሞቶ እንደሚያልፍ ሰው ረጋ ብሎ። የፓሪስ ኳስ ተጫዋቾች ሲያስመስሉት ክፍለ ሀገሩ የቱሪዝም አምባሳደር አደረገው። ለኔ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ ለቪዲዮ ብሎ አልጨፈረም። ሁልጊዜም የሚደረገውን እያደረገ ነው አንዱ ዳር ቆሞ የቀረጸው። በጥምቀት የመንዝ ፈረሰኛ ኮርቻ ላይ ተነስቶ ሲጋልብ እዚህ የሚቀረጸው ምንድን ነው? የቀራጩ ፊት! ስልኩን ወደራሱ አዙሮ።

አሁን ገንዘቡ። እዚህ ላይ አላሞግሳቸውም። በ2023 መጀመሪያ ሎምቦክ ደሴት ላይ አሮጊቶች ጭቃ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብለው በላይቭ ለሰዓታት ውሃ በራሳቸው ላይ ሲያፈሱ ይታዩ ነበር። ተመልካቹ አዘነም ሳቀም ስጦታ ይልካል፤ ስጦታው ብር ይሆናል። ምባክ ሊንኩን ልካልኝ ከፈትኩት። እናቴን የምታክል ሴት በነጠላ ጨርቅ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከታች ጽጌረዳና ልብ ይንሳፈፋል። አንድ ደቂቃ አልቆየሁም። የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትሯ አረጋውያንን እንዲህ ማስለመን ይቁም ብላ ደብዳቤ በተነች፤ ሴቶቹ አንዳንዶቹ ግን ከእርሻ ቀን ሥራ ይሻለናል ብለው ተከራከሩ። እኔ አረብ አገር ሽንት ቤት አጥቤ ስለመጣሁ አልፈርድባቸውም። ስልክ የያዘላቸው ወጣት ላይ ግን እፈርዳለሁ።

ላይቭ ላይ ዕቃ መሸጡም እንዲሁ። ቲክቶክ ሾፕ እዚያ ከገባ በኋላ የጃካርታው ታናህ አባንግ፣ ማለት የነሱ መርካቶ፣ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ጮኹ። መንግሥት በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ቀጥታ መሸጥ ክልክል ነው አለና በኦክቶበር 2023 ተዘጋ። ደስ አላችሁ? በዲሴምበር ቲክቶክ ቶኮፔዲያ የሚባለውን የነሱን ትልቅ የኢንተርኔት ገበያ ሦስት አራተኛውን ገዝቶ በዚያ በር ተመልሶ ገባ። ሁለት ወር ነው የቆየው ደስታው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሱቅህን ለመዝጋት አትቸኩል፤ አንተ ዘግተህ ስትገባ ሕጉ ወይ ባለቤቱ ይቀየርብሃል።

አንድ ነገር ረስቼ። ምባክ ሰሞኑን ስትጽፍልኝ የምታማርረው ሳውንድ ሆሬግ ስለሚሉት ነው። የጭነት መኪና ላይ ስፒከር እስከ ፎቅ ቁልለው መንደር ለመንደር ይዞራሉ፤ ሆሬግ በጃቫኛ መንቀጥቀጥ ነው። በ2025 ጁላይ የምስራቅ ጃቫ ዑለማዎች ፈትዋ አወጡበት። የላከችው ቪዲዮ ላይ ሰው የለም። ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ አለ፣ ሻዩ ክብ ክብ እየሠራ ይርገበገባል፣ ከዚያ ብርጭቆው ራሱ ቀስ ቀስ እያለ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። እጇ ይመጣና ይይዘዋል። ሃያ ሰከንድ ነው። አሥር ጊዜ አየሁት።

ኤፍኤስአር (ደብረ ሲና)

ያ ስፒከር የተጫነበት መኪና ምን ዓይነት ነው?

የሮቢቷ

ስንቱን ጽፌልህ አንተ መኪናውን! ሚትሱቢሺ መሰለኝ፤ ፊቱ ቢጫ ነው።

ፍላሽ ቤት (ደብረ ብርሃን)

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ዘ ሬይድን አየሁት፣ ዛሬ ሦስት ሰው ጫንኩለት። ጁምቦን ለእህቴ ልጅ ፈልጌ እሰጠዋለሁ፤ መጥረጊያው ግን ትናንት ተሰብሯል፣ ዘግይተናል።

የብርጭቆዋን ቪዲዮ ላኪልኝ ልልሽ ነበር፣ ከዚያ አሰብኩና ተውኩት፣ የሰው ቤት ነው። ይልቅ እናንተ ያላችሁኝ ሲብላላብኝ አድሮ ዛሬ ጠዋት ስልኬን ይዤ መናኸሪያ ወጣሁ። ረዳቱ "አዲሳባ አዲሳባ የሞላ!" ሲል፣ ባዶ መኪና ነውኮ፣ ሁለት ሰው ነው ያለው፣ ተሳፋሪዋ አሮጊት አንገቷን አስግጋ ወንበር ወንበሩን ቆጥራ "የት ነው የሞላው ልጄ?" ስትለው ቀረጽኩት። አርባ ሰከንድ። ቴሌግራም ላይ ለጓደኞቼ ላክሁት፤ እስካሁን ለአሥራ አንድ ሰው ተላልፏል። ረዳቱ ግን አይቶኝ ኖሮ ሱቄ ድረስ መጥቶ ድርሻዬን አምጣ ብሎኛል።

ባለ ክራር (መሃል ሜዳ)

አሮጊቷስ?

ፍላሽ ቤት (ደብረ ብርሃን)

እሷን ሳልጠይቅ መኪናው ወጣ። መመለሻዋን እየጠበቅሁ ነው።